የተራችንን በር ማን ይከፍታል

ከሾላ ምንጭ የወጣሁ ዕለት መናኸሪያ ድረስ የሸኙኝ ልጄ ሰብለ፣ የሱቅ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ጋሽ ሰይድ እና ሻይ ቤት የነበራቸው እትዬ ዘነቡ ነበሩ። ገና አልነጋም።

በኛ የሱቅ ተራ አንዱ ለቅሶ ወይም መንገድ ሲሄድ ጎረቤቱ ሱቁን ይከፍትለታል፤ ደጁን ጠርጎ ውሃ ይረጭለታል። ዝግ በር ያየ ገበያተኛ ወደ ሌላ ሰፈር እንዳይታጠፍ ነው። ቁልፌን ለጋሽ ሰይድ ሰጠኋቸው።

«ሲደክምዎትስ?» አልኳቸው።

«ሲደክመኝ ዘነቡ አለች።»

«እኔማ ከሷ ቀጥዬ ሂያጅ ነኝ» አሉ እትዬ ዘነቡ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

አዲሱ አስፋልት ከተማችንን በጎን ትቶ ካለፈ ወዲህ ከባድ መኪና መቆሙ ቀርቷል፤ ሱቄም ተራቁቶ ነበር። ትንሽ ሠርቼ፣ ዕቃ ሞልቼበት ልመለስ ነበር ሐሳቤ። እትዬ ዘነቡም እንዲሁ ብለው ቤይሩት ገቡ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ከኔ ሳሙናና ዘይት የሚገዙት እነሱው እንደነበሩ ያኔ አልታየኝም።

አሁን አረብ አገር፣ ኡም ሰላል መሐመድ በሚባል ቦታ፣ አንድ ቪላ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ነኝ። እዚህ ሰኔ እንደኛ አገር ዳመና ይዞ አይመጣም፤ በር ሲከፈት ሙቀቱ ፊት ይለበልባል። አንድ ቀን ማዳም ልጇን እንድይዝላት ሉሰይል ሞል ወሰደችኝ። ሱቁ ሁሉ መብራቱ በርቷል፣ ሰው ግን የለም።

«ማዳም፣ ገበያተኛው የት ሄደ?» አልኳት በምችላት አረብኛ።

«ማታ ይመጣል ኢንሻአላህ። አንቺን ምን አስጨነቀሽ፣ ሱቁ ያንቺ ነው?»

ልጁን አቅፌ ተከተልኳት።

ባለፈው ዓርብ ሰብለ ደወለች። «እማ፣ ጋሽ ሰይድ ልጃቸው ጋ አዲስ አበባ ሄዱ። ቁልፉን ለኔ ሰጡኝ።»

«የኛን?»

«የተራውን በሙሉ። ሌሎቹም ሲሄዱ ቁልፋቸውን እሳቸው ጋ ነበር የሚተዉት። ከትምህርት በፊት ከፍቼ እጠርጋለሁ፤ ከትምህርት መልስ እቀመጣለሁ። የሚገባ የለም። አንቺ ጋ ልምጣ።»

«ኸላስ፣ ይሄን ደግመሽ እንዳታነሽው። ትምህርትሽን ጨርሺ።»

«ጨርሼስ? ባዶ ሱቅ ልጠብቅ? አንቺ ያልቻልሽውን?»

ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም።

በሾላ ምንጭ የምታልፉ ካላችሁ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለውን ተራ እዩልኝ። በሮቹ ተከፍተው፣ ደጁ ውሃ ተረጭቶ ከሆነ ልጄ አለች ማለት ነው። ተዘግተው ካገኛችኋቸው ግን ከየትኛው ደላላ ጋር እንደወጣች ጠይቁልኝ። ሰብለ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ረዘም ያለች ናት። ወሬዋን ላኩልኝ።