ለጋሽ መንገሻ ያነበብኩላቸው ደብዳቤ

ከአዲስ አበባ በወጣሁበት ምሽት ቤታችን በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ሁሉም ከልክ በላይ ይስቃል። እኔ ዝርዝር አይስተኝም፤ አክስቴ አለመኖሯን ወዲያው አየሁ።

«ጉንፋን ይዟት ነው፤ ስትደርስ ትደውልልሃለች» አለችኝ እናቴ፣ ሻንጣዬ ውስጥ በርበሬ እየጠቀጠቀች።

አክስቴ በዚያች ሰዓት ሆስፒታል ነበረች። መሞቷን የነገሩኝ ስቶክሆልም ከገባሁ ከወር በኋላ ነው፤ መንገዴ እንዳይበላሽ ብለው። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር በሰው ላይ አላደርግም ብዬ ማልኩ። አሁን የምጽፍላችሁ ያን መሐላ እንዴት እንዳፈረስኩት ነው።

የእኛ ክረምት ጭቃ ነው፤ የዚህ አገሩ በረዶ። እንዳያንሸራትት ብለው መንገዱ ላይ ጠጠር ይበትናሉ። እናቴ ለመንገድ የገዛችልኝ ጫማ በሁለት ሳምንት ታኮው ተነቀለ። ሮግስቬድ በሚባለው ሰፈር አደባባይ፣ ከባቡር ጣቢያው ሰባ ሁለት እርምጃ ላይ፣ አንድ ጫማ ቤት አገኘሁ። ሸበቶው ባለቤት ጫማዬን ገልብጠው አዩና በአማርኛ ጀመሩኝ።

«ሐበሻ መሆኔን በምን አወቁ?»

«ከፊትህ። ጫማህማ ጣልያን ነኝ ይላል።»

ጋሽ መንገሻ ነበሩ። ከእሳቸው በፊት በዚያ አደባባይ ጥቁር ሰው የሱቅ ቁልፍ የያዘው ሊያጸዳ ብቻ ነው። ሱቁን ሊከራዩ የሄዱ ቀን አከራዩ ቡና ቀዳላቸውና፣

«ባለቤቱ መቼ ነው የሚመጣው?» አላቸው።

«መጥቷል።»

«የታለ?»

«ቡናዎን እየጠጣ ነው።»

ሰውየው ዞሮ በሩን አየ አሉ። ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይስቃሉ፤ ውሉን ለማግኘት አምስት ጊዜ መመላለሳቸውን ግን የሚናገሩት ሳይስቁ ነው። ጸጉር ቤት የከፈተው ጋምቢያዊም፣ ልብስ ሰፊዋ ሶማሊያዊትም ውል እንዴት እንደሚፈረም የተማሩት ከእሳቸው ነው።

ስዊድንኛን ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኳቸው መጻሕፍት ራሴን አስተማርኩ። ጋሽ መንገሻ ቋንቋውን እንደ ልባቸው ይናገራሉ፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግን አይገባቸውም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብዳቤያቸውን የማነበው እኔ ሆንኩ። አንድ ቃል ብዘል «እሷንስ?» ይሉኛል።

በጥቅምት አንድ ካሌልሰ መጣ፤ የሐኪም ቤት መጥሪያ ነው። በልቤ አነበብኩት። ሳንባቸው ላይ ጥላ ታይቷል፣ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል ምርመራው በአስቸኳይ ይደረግ ይላል። ቀና አልኩ። ጋሽ መንገሻ ሚስማር በከንፈራቸው ይዘው ቦቲ ይጠግናሉ።

«ምን ይላል?»

«ለሳልዎ ነው። ትንሽ ነገር ሊያዩ ነው።»

«ያስቸኩላል?»

«ያን ያህል አይደለም።»

ያን ቀን «እሷንስ?» አላሉኝም።

ሐኪሙ ራሱ ይነግራቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን «እንግዲያ ወደ ጥር አዙርልኝ። አሁን ሰው ሁሉ የክረምት ጫማውን የሚያስጠግንበት ጊዜ ነው» አሉ። በስልካቸው ቀጠሮውን ያዞርኩት በራሴ ጣት ነው። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሲስሉ በሰማሁ ቁጥር ነገ አልኩ።

በጥር ሄዱ። አልጋ ያዙ፤ በሦስተኛው ሳምንት አረፉ።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ ጠየቁኝ። «አንተ አንድም ነገር አይስትህም» አሉኝ። ጻፍኩ፤ ሱቁን የከፈቱበትን ቀን፣ የአከራዩን ቡና፣ ወረፋ ይዘው የቆሙትን የመጀመሪያ ደንበኞች። መጨረሻ ላይ በየቀብሩ የሚነበበውን ጨመርኩ፦ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል።» የቀብሩ ዕለት የአደባባዩ ሱቆች ሁሉ ተዘጉ። ሳነብ ሰው አለቀሰ፤ ሶማሊያዊቷ አማርኛ ሳይገባት አለቀሰች። ከዚያ እየመጡ እጄን ጨበጡኝ። እንደዚያ ቀን እጄን ጠልቼው አላውቅም።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ላሉት ታላቅ እህታቸው፣ ለእትዬ ዘነበች ደውዬ ጽሑፉን አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙና፣

«‹ሲረዱ ቆይተው› ነው ያልከው?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ስንት ጊዜ ቆየ?»

«ሦስት ሳምንት።»

«ሦስት ሳምንት ቆየ ይባላል እንዴ ልጄ?»

ያ የሐኪም ቤት ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። አነሳሁትና ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ፣ አንድ ቃል ሳልዘል፣ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ከዚያ በጥቅምት ለወንድማቸው ያልኩትን ነገርኳቸው። ቀጠሮውን ማን እንዳዞረውም ነገርኳቸው።



«እንኳን አልነገርከው» አሉኝ። «ሳይሰቀቅ፣ መዶሻው በእጁ እንዳለ ከረመ። ደግ አደረግህ።»

ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። እናቴ በርበሬውን እየጠቀጠቀች «ጉንፋን ይዟት ነው» ያለችኝ በዚያው ድምፅ ነው።

«ለመሆኑ አንተ ደህና ነህ?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ፣ እትዬ» አልኳቸው።