ከድሩ ቢስሚላህ

አዋሽ ጣቢያ ላይ «ከድሩ ቢስሚላህ» ሲባል የማይስቅ የለም። በር ሲከፍት ቢስሚላህ፣ ክብሪት ሲጭር ቢስሚላህ፣ ጫማውን ሲያስር ሁለቴ፣ ለግራውም ለቀኙም። እኔ ግን አልስቅም፤ የሚስቁትንም አልወዳቸውም። ያን ዓመት ከእሱ ቤት የሚለየን አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። ከድሩ ከወሎ መጥቶ ጣቢያው አጠገብ ሻይ ቤት የከፈተ፣ ሲናገር ዓይኑን መሬት ላይ የሚተክል ሰው ነበር። ሚስቱ መዲና ሳንባዋን ታማ አልጋ ላይ ዋለች። የክሊኒኩ ነርስ መድኃኒቱን ሰጥቶ፣ «ሥጋ ካልበላች ይሄ ብቻውን አያነሳትም» አለው። የምን ሥጋ! የአፋሩ ፍየል በድርቁ አልቆ አጥንቱ መንገድ ዳር ተከምሯል። ቁጥቋጦው ውስጥ የተረፈችው ጥንቸል ብቻ ናት። ጠመንጃውን ቀበሌ ከወሰደበት ቆይቷል፤ ቢኖረውም የሐዲዱን ድልድይ የሚጠብቁት ወታደሮች ተኩስ ከሰሙ ማነው ብለው አይጠይቁም።

ቀስት ያበጁለት ጋሽ ደስታው ናቸው፤ ከመተከል የመጡ፣ ሐዲድ ሲጠግኑ የሚውሉ ሽማግሌ። ጭድ የሞላ ጆንያ ግንድ ላይ አስረው፣ «አውታሩን እስከ ጉንጭህ ሳበው፤ ሲለቀቅ አትደንግጥ» እያሉ አስተማሩት። ከድሩ ደነገጠ። አውታሩ የግራ ክንዱን እየገረፈ አሳበጠው። አንዱ ፍላጻ ጆንያውን ስቶ የእናቴን እንስራ ሰበረ። እናቴ ታንጉት የአፏን ያህል ተሳደበችና፣ ለማን ብሎ እንደሚለፋ ትዝ ሲላት አልቅሳ ገባች።

በሳምንቱ ጆንያውን መምታት ቻለ። ጥንቸል ግን እምቢ አለችው። ቁጥቋጦ ሥር ጆሮዋን አጥፋ ድርቅ ብላ ትቀመጣለች፤ እሱ ስቦ፣ አነጣጥሮ፣ ሊለቅ ሲል «ቢስሚላህ» ይላል፤ እሷ ትሰማና እመር ትላለች።

«ሰላምታ እየሰጠሃት ነው እንዴ የምታድናት?» አሉት ጋሽ ደስታው። «በልብህ በለው።»

«በልብ አይሆንም ጋሼ። የአላህ ስም ያልተጠራበት አይበላም።»

በአሥራ አንደኛው ቀን ማለዳ አንዲት ጥንቸል አሥር እርምጃ ላይ ጎኗን ሰጠችው። መዲና ደም ስትተፋ ነበር ያደረችው፤ ከድሩም ከእሷ በቀር የሚያስበው አልነበረም። ለቀቀ። ፍላጻው ብብቷ ሥር ገባ። ሊያርዳት ቢላዋውን መዞ እየሮጠ ሲደርስ ሞታለች። ጥንቸሏ ሳትበረግግ ለምን እንደጠበቀችው ያኔ ገባው፤ ቢስሚላህ ለማለት አፉን አልከፈተም ነበር።

እናቴ «ጥንቸል በድስቴ አይገባም» አለች፤ እኛ ክርስቲያኖቹ አንበላትም። ከድሩ በራሱ ድስት አንዱን ታፋ ቀቀለ። ሽታው ሲደርሳት መዲና ከትራሷ ቀና አለች፤ ቀና ካለች ስንት ቀኗ።

«ብለሃል አይደል?» አለችው።

እኔን የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። አዎ ማለት ምን ነበረበት? አንዲት ቃል! ከድሩ ግን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ረሳሁት» አላት።

አልተቆጣችም። ሳህኑን በእጇ ጀርባ ገፋ አደረገችው። «ሼህ ሱሩርን እንጠይቅ። በበሽታዬ ላይ ሐራም አልጨምርም፣ ከድርዬ።»

ሼሁ ለለቅሶ ሚሌ ሄደዋል፤ ነገ ይመጣሉ ተባለ። ከድሩ የተቀቀለውን ለውሻ ሰጥቶ የቀረውን ዘለዘለው፤ ጨው ነስንሶ ከአልጋዋ ፊት ለፊት ገመድ ላይ ሰቀለው። በየማለዳው ቀስቱን ይዞ ይወጣል፤ ስሙን ይጠራል፤ ጥንቸሎቹ ይሸሻሉ፤ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሼሁ መኪና አጥተው ነገ የተባለው አምስት ቀን ሆነ። መዲና ቋንጣውን እያየች በአምስተኛው ቀን ሞተች።

ሼህ ሱሩር የደረሱት ለቀብሯ ነው። ከቀብር መልስ ገመዱ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ከድሩ ነገራቸው።

«ሆን ብለህ ነው የተውከው?»

«ረስቼ።»

ሼሁ ወደ ገመዱ ቀና ብለው አዩ። መናገር የፈለጉ አይመስለኝም።

«የረሳ ሰው ያደነውማ...» አሉ በመጨረሻ። «ይበላ ነበር።»

ከድሩ ተነሥቶ ቋንጣውን አወረደ። ለቀስተኛው መሀል ተቀምጦ፣ በእያንዳንዷ ዝልዝል ላይ ጮክ ብሎ ቢስሚላህ እያለ፣ ያን ደረቅ ሥጋ ብቻውን በልቶ ጨረሰው።