አቼቶ ብዬ የጠየቅሁት ጠርሙስ

ባለቤቴ አዲስ አበባ የሳይንስ አስተማሪ ነበሩ። ጣሊያን ፊደል የቆጠረውን እየለቀመ መግደል ሲጀምር እኔ ወደተወለድኩባት ቡታጅራ ሸሸን፤ እሳቸውም መሃይም መስለው እንጨት ተሸካሚ ሆኑ። ፈርም ሲባሉ አውራ ጣታቸውን ይሰጣሉ። አንዲት ፊደል ማወቃቸው ከተሰማ አለቀላቸው። እኔም በየቀኑ በጣሊያኖቹ ሰፈር ወጥ እሠራለሁ፤ ማገዶውን የሚያመጡልኝ እሳቸው ናቸው።

እሑድ ቤት ስንውል ግን ማስተማር አይተዉም፤ አመል ነዋ! ቆጮ ስቆርስ፣ "ይህ የሚኮመጥጥሽ አሲድ ነው" ይሉኛል። "ሞል ደግሞ እንደ ደርዘን የቁጥር ስም ነው። ደርዘን አሥራ ሁለት ነው፤ የአንድ ሞል ቅንጣት ግን ዕድሜ ልክሽን ብትቆጥሪው አያልቅም።"

"ታዲያ ማን ሥራ ፈት ነው የሚቆጥረው?"

"አይቆጠርም፣ ይመዘናል። በአንድ ጣሳ ውኃ ውስጥ የአሲዱ ሞል ጥቂት ከሆነ ይኮመጥጣል፤ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው ዓይነት ሲሆንና ሲበዛ ሥጋ ይበላል።"

ይህን እወድ ነበር። "ፊደሉንስ ላስቆጥርሽ?" ሲሉኝ ግን፣ "ኧረ ይተዉኝ፣ ነገ!" እላለሁ።

አንድ ቀን ለጣሊያኖቹ ሹም ምሳ ሰላጣ ስሠራ አቼቶ፣ ኮምጣጤው ማለቴ ነው፣ አለቀብኝ። ጉንፋን አፍኖኝ ማሽተትም መናገርም አቅቶኛል። ስንቅ ወደሚያመጣው ጣሊያን ሾፌር ሄጄ በተዘጋ ድምፄ "አቼቶ" አልኩት። ለካ "አቺዶ" ብዬዋለሁ! በነሱ ቋንቋ አሲድ ማለት ነው። የሰፈሩ መካኒክ ለመኪና ባትሪ የላከኝ መስሎት፣ አንገቱ ላይ ወረቀት የታሰረበት ጠርሙስ ሰጠኝ።

ሰላጣው ላይ ላፈስ ጠርሙሱን ሳዘነብል ባለቤቴ እንጨት ተሸክመው ገቡ። ዓይናቸው ወረቀቱ ላይ አረፈ።

"ተይ! አቺዶ ይላል!" ብለው ጮኹ።

የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የገዛ አገራችን ሰው ነው፣ ምን ዋጋ አለው! "ለእንጨት ተሸካሚ ማን አነበበለት?" አለ፣ ፈገግ ብሎ።

"እኔ ነኝ ያነበብኩለት" አልኩ።

ወረቀቱን በጥሶ እጄ ላይ አኖረው። "እስቲ አንብቢ።"

"አቺዶ" አልኩ፣ በጣቴ ፊደሉን እየተከተልኩ።

"ዘቅዝቀሽ ይዘሽዋል እኮ" አለኝ።

ባለቤቴ እንጨቱን ቀስ ብለው አወረዱና፣ "እሷን ተዋት፣ እኔ ነኝ" አሉት። ይዘዋቸው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። ወረቀቱን በየት በኩል ቀና አድርገው እንደሚይዙት ለማወቅ አንዲት እሑድ ትበቃኝ ነበር።