ስለ ያዮ የጠቀስኩት ሪፖርት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ የመመረቂያ ጽሑፏን «አንብቢልኝ» ብላ አመጣችልኝ። በየገጹ ግርጌ የመንግሥት ሪፖርት ተደርድሯል። «የመንግሥት ስለሆነ ማንም አይጠይቀኝም» አለችኝ። በጃንሆይ ዘመን መቱ አሥረኛ ክፍል የተማርኩበት ዓመት ድቅን አለብኝ።

ግንቦት ነበር፤ ኢሉባቦር ላይ ዝናብ ከጀመረ የሚያቆም አይመስልም። መምህራችን ስለ አገራችን እርሻ እንድንጽፍ አዘዙን። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስለነበሩ ቁም ሣጥናቸው ውስጥ በስቴንስል የተባዛ ሪፖርት አገኘሁና ገለበጥኩ። ተራዬ ሲደርስ የቆርቆሮው ጣሪያ በዝናብ እየተደበደበ ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ የያዮ ቡና ጫካ ሰው ያልሰፈረበት፣ ባለቤት የሌለው መሬት ነው።

ጫልቱ ብድግ አለች። ከያዮ መጥታ መቱ ቤት ተከራይታ የምትማር ጓደኛዬ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአገሯ የሚላክላትን ማር በትኩስ የበቆሎ ቂጣ አብረን እንበላ ነበር።

«አባኮ እዚያ ነው የሚኖሩት» አለች፤ አባቴ ማለቷ ነው። «የበላሽው ማር ከዚያ ነው። አያቴም የተቀበሩት እዚያው ነው።»

አውቅ ነበር እኮ። መምህሩ ግን አልተቆጡም፤ «የጻፈውን ሰው ስም ግርጌው ላይ አላሰፈርሽም። ነገ አምጪ» ብቻ አሉኝ።

ቤት ገብቼ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። ከሦስቱ ፊርማዎች አንዱ የአባቴ ነበር።

እራት ላይ «አባባ፣ ያዮ ሄደው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

እጃቸውን ከትሪው መለሱ። «ክረምት ነበር። ጭቃው በቅሎ አላስኬድ አለ፤ መንገድ ላይ ካለችው ከሁሩሙ አላለፍንም።»

«ታዲያ ሰው እንደሌለ ማን ነገራችሁ?»

«ማንም። ከላይ ተጽፎ መጣ፤ ፈረምን።»

ስማቸውን ልደብቅ አስቤ ነበር። ኋላ ግን ገጹንና ስማቸውን ጻፍኩ፤ ከሥሩም «አዘጋጆቹ ቦታው አልደረሱም» ብዬ ጨመርኩና አሳየኋቸው። ደጋግመው አነበቡት። አንዲት የተሳሳተች ፊደል አርመው መለሱልኝ።

በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ጫልቱ አልመጣችም። ጫካው ለአንድ ባለሥልጣን ተሰጠ፣ ሰዎቹም እንዲነሡ ታዘዙ ተባለ። አባቴ ይህን እንደሰሙ በቅሎ አስጭነው ያዮ ሄዱ። በአምስተኛው ቀን ሲመለሱ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነበሩ፤ ስላዩት ነገር እስኪሞቱ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ይህን ሁሉ ለልጅ ልጄ ነገርኳት። ዛሬም ሳስበው የሚያስደነግጠኝ የአባቴ ፊርማ አይደለም። እሳቸው ያላዩትን ነው የፈረሙት። እኔ ግን የማውቃትን ልጅ ቤት፣ ፊቷ ቆሜ፣ የለም ብዬ አነበብኩ። ጫልቱን ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።