በጥርስ ሳሙና ያሸሁት ዲስክ

የጥርስ ሳሙና ካርቶን ሲቀደድ የሚወጣው ሽታ፣ ያ ናናና የወረቀት አቧራ የተቀላቀለበት ሽታ፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ በድንገት ሲመጣብኝ የያዝኩትን ትቼ እወጣለሁ። ሰው ከጠየቀኝ ራሴን አመመኝ እላለሁ። እውነቱ ግን በዚያች ደቂቃ ጁባ፣ ጀበል ገበያ አጠገብ ያለው ቤታችን ውስጥ ያለሁ የአሥር ዓመት ሴት ልጅ መሆኔ ነው። አባቴ ስኳር፣ ሳሙናና የጥርስ ሳሙና በጅምላ ይሸጥ ነበር፤ ሱቁ ስለሚጠበው ትርፉ ካርቶን መኝታ ቤታችን ድረስ ይደረደር ነበርና፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ሙባረክ በናና ሽታ ተኝተን በናና ሽታ እንነሳ ነበር።

እናቴ የሞተችው የእርስ በርስ ጦርነቱ ተኩስ በተነሳበት ታኅሣሥ ነው። ጥይት አልነካትም፤ ወባ ነው የወሰዳት። ሰው ሁሉ በሩን ቆልፎ ወለል ላይ በሚተኛባቸው ቀናት ትኩሳቷ ጨመረ፣ አባቴ ሐኪም ቤት ሊያደርሳት ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለሰ፣ መንገዱ ሲከፈት እሷ አልጠበቀችንም። ፎቶ መነሳት የማትወድ ሴት ስለነበረች ከፓስፖርቷ በቀር መልኳ የትም አልነበረም። ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ የተቆጣች ትመስላለች፤ እማ ቁጡ አልነበረችም።

ዝናቡ ሲገባ ደሴ ያለው የአጎቴ ልጅ ሰይድ ደወለ። ሰይድ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው፤ እናቴ በሕይወት እያለች የተገኘችበትን የእህቱን ሰርግ ሲቀርፅ እሷ የገባችባቸውን ቁርጥራጮች ሁሉ ለቃቅሞ፣ ጥራቱ እንዳይቀንስ ብሎ ብሉሬይ በሚባል፣ ከሲዲ ይልቅ ብዙ በሚይዝ ዲስክ አድርጎ በነጋዴ እጅ ላከልን። ደግነቱ መከራ ሆነብን፤ ጀበል ውስጥ ያለ ዴክ ሁሉ ዲስኩን አላነብም አለ። ጌም የሚባል ነገር ዓይኑን ማየት የማይፈልገው አባቴ፣ አገር ለቆ ከሚሄድ ፈረንጅ ላይ ፕሌይስቴሽን ገዝቶ የገባው ያንን ዲስክ ያነባል ስለተባለ ብቻ ነው። ሙባረክ የኳስ ጌም ሊጫወትበት ነውና በደስታ ሊያብድ ደረሰ። አባቴ ግን ጣቱን ቀስሮ፣ «መጀመሪያ እናትህ፣ ኳሱ ከዚያ በኋላ» አለው።

ያን ክረምት በየጁምዓው አባቴ ከመስጊድ ተመልሶ ጄኔሬተሩን ያስነሳ ነበር፣ እኔ ዲስኩን በሁለት ጣቴ ጠርዙን ይዤ ለማሽኑ አጎርሰው ነበር፣ ከዚያም ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው አምስት ደቂቃ እናያት ነበር። ከከንፈሯ በላይ ችፍ ያለው ላብ፣ ጣቶቿ ላይ ሊጠፋ የደረሰው ሂና፣ ጉትቻ ያሰፋው የጆሮዋ ቀዳዳ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር፤ በሕይወት እያለች እንኳ እንደዚያ አስተውያት አላውቅም። ትሪ ተሸክማ ስታልፍ ካሜራውን ታየውና፣ «ኧረ አንተ ሰይድ፣ እኔን ተወኝ! ሙሽሮቹን ቅረፅ!» ብላ ትስቃለች። አባቴም ሁልጊዜ እዚህ ጋ ሲደርስ፣ «ተይው፣ ይቅረፅሽ» ይላት ነበር፣ እንደምትሰማው ሁሉ።

በጋው መጣ፣ ከበጋው ጋር የጁባ ቀይ አቧራ መጣ፣ ምግቡም አልጋውም አቧራ አቧራ አለ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ለነገ ዝግጁ ይሁን ብዬ ዲስኩን ብሞክረው ማሽኑ መልሶ ተፋብኝ። ደግሜ ሰጠሁት፣ ደግሞ ተፋው። አልደነገጥኩም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም በሰፈራችን የተጫረ ሲዲ የሚያድነው ሐኪም እኔ ነበርኩ። ሲዲ የጥርስ ሳሙና ተቀብቶ በስሱ ሲታሽና ሲታጠብ እንደሚነሳ የማያውቅ አልነበረም፣ ግን መድኃኒቱ በካርቶን ያለው እኛ ቤት ስለነበር ጎረቤቱ ሁሉ የታመመ ሲዲውን ለእኔ ያመጣ ነበር። ካርቶን ቀድጄ ብዙ ቀባሁ፣ የእናቴ ነውና ከሌላው ሁሉ አስበልጬ፣ ክንዴ እስኪዝል አሸሁት። ስጨርስ ያ መስታወት የመሰለ ፊቱ ጉም ለብሶ ነበር።

በማግስቱ አባቴ ቦታው ላይ ተቀመጠ፣ ማሽኑ ዲስኩን ተፋው። ሙባረክ የኳሱን ዲስክ ቢያስገባ እሱንም ተፋው። አልሐምዱሊላህ አልኩ በልቤ፤ ለካ ማሽኑ ነው። ጋምቤላ ያደገውና ገበያ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግነው ኦጁሉ ተጠራ፣ ማሽኑን ፈታ፣ በሌንሱ ላይ የተኛውን አቧራ በስፒሪት በነከረው ጥጥ ጠረገና፣ «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ጋሽ ሁሴን» እያለ ገጠመው። ኳሱ ሠራ። የእናቴን አስገባ፣ ጠበቅን፤ ቴሌቪዥኑ ምንም አላሳየም።

ኦጁሉ ዲስኩን አውጥቶ ወደ ብርሃን ዘንበል አደረገው። «ይሄን ማን ነው የፈተገው?» አለ። «ይሄ እኮ እንደ ሲዲ አይደለም። ሲዲ ላይ ምስሉ ከውስጥ፣ ጥልቅ ነው፤ ላዩን ብታሸው አይጎዳም። እዚህ ላይ ብዙ እንዲይዝ ብለው ከቆዳው ሥር ነው የጻፉት። ከላስ፣ ይሄ አልቋል።»

አባቴ ዲስኩን ተቀበለው፣ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው። ናናው ገና አልለቀቀውም ነበር። ወደ እኔ ዞር እንኳ ሳይል፣ «አቧራ ነው» አለ፣ «የጁባ አቧራ ምን የማያበላሸው ነገር አለ።» ያን ቀን ቢገርፈኝ በወደድኩ።

ሰይድ ጋ ተደወለ። የዚያን ያህል ጥራት ያለው ቪዲዮ ኮምፒውተሩን ስለሚሞላበት፣ ዲስኩ መድረሱን እንደሰማ ማጥፋቱን እያለቀሰ ነገረን። በሙሽሮቹ ቅጂ ላይ ደግሞ የእናቴ ጀርባዋ ብቻ ነው የሚታየው። በሚቀጥለው ጁምዓ አባቴ እንደ ልማዱ ጄኔሬተሩን አስነሳና ሙባረክን፣ «በል ኳስህን ተጫወት» አለው። ሙባረክ ግን አልተነሳም፤ ሦስታችንም የተዘጋውን ቴሌቪዥን እያየን ተቀመጥን።

ዛሬ አባቴ አርጅቶ አዲስ አበባ ከእኔ ጋር ይኖራል፤ ስለዚያ ዲስክ ተነጋግረን አናውቅም። ስልኬን አውጥቼ እቀርፀዋለሁ፤ ሲበላ፣ ዜና ሲያዳምጥ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ሲፈልግ። «አንቺ ልጅ፣ አሁንስ አበዛሽው» ይለኛል። ሦስት ቦታ ገልብጬ አስቀምጠዋለሁ። ያኔ የነበረን አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር፣ በየሳምንቱም ተሰብስበን እናየው ነበር፤ አሁን ስንት ሰዓት እንዳጠራቀምኩ ራሴም አላውቅም፣ አንዱንም ግን ከፍቼ አይቼው አላውቅም። እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ እያለ በስልክ ላይ ማየቱ ሟርት ይመስለኛል።