ይደርሳል የተባለው ቀንድ አውጣ

መቼ እንደጀመርኩት ብትጠይቁኝ ቁርጡን መናገር አልችልም። የልጅ ልጃችን ልብሷን ጠቅልላ ኮሌጅ ፓርክ ወዳለው የተማሪዎች ቤት ከገባች በኋላ ነው፤ እሱን አውቃለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው አፓርታማችን ፊት ለፊት የቆመው ዛፍ ደግሞ ቅጠሉን ገና አላራገፈም ነበር። ባለቤቴ መስከረም ነው ትላለች፤ እኔ ጥቅምት ይመስለኛል። እስከ ዛሬ አልተስማማንም።

ልጅቷ እኛው ዘንድ ነው ያደገችው። ክፍሏን ልጠርግ ገብቼ መጫወቻዋን መሳቢያ ውስጥ አገኘኋት። ከመጽሐፍ ቅዱስ የምትቀጥን፣ መሐሏ መስታወት፣ ግራና ቀኟ ቁልፍ የሆነች ዕቃ ናት። በልጅነቷ እሷ ላይ አቀርቅራ ስትስቅ፣ አንዳንዴም ስታለቅስ አያት ነበር። ምን አግኝታ ነው እያልኩ ይገርመኝ ነበር፤ ግን ጠይቄያት አላውቅም።

ያን ሰሞን ስልክ ስንደውልላት መልሷ አንድ ነበር። “ሃይ አባባ፣ ደህና ነኝ፣ ቢዚ ነኝ፣ ላቭ ዩ፣ ባይ።” ተማሪ ናት፤ አልፈርድባትም። ብቻ ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ብዙ የምነግራት ነገር ያለኝ ይመስለኝና፣ ምን እንደሆነ ሳስበው ምንም አጣለሁ።

“ጌምሽን ብነካው ትቆጪያለሽ?” አልኳት አንድ ቀን።

“አንቱ? ጌም?” ሳቋ ሲያበቃ እንዴት ቻርጅ እንደሚደረግ፣ የሷን ሳልነካ የራሴን እንዴት እንደምከፍት አስረዳችኝ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። መስታወቱ ውስጥ ቦርሳ ያዘለ መንገደኛ ትሆናላችሁ። ሳር ውስጥ ስትሄዱ ጉድ የሆኑ አውሬዎች ብቅ ይላሉ። ኳስ ወርውራችሁ ትይዟቸዋላችሁ፤ ታሳድጓቸዋላችሁ፤ ከሌላ ሰው አውሬ ጋር ታጋጥሟቸዋላችሁ። በየከተማው አንድ ማስተር የሚሉት ጌታ አለ፤ እሱን ካላሸነፋችሁ ወደሚቀጥለው አገር አያሳልፋችሁም። መጀመሪያ አንድ አውሬ በነጻ ይሰጣችኋል። እኔ ጆሮው የጎመን ቅጠል የሚመስል ግልገል ፍየል መረጥኩ። ቀጥሎ አንዲት ወፍ ያዝኩ፤ ከዚያ አንዲት ሽኮኮ።

ባለቤቴ ከኩሽና አንገቷን አስግጋ አየች። “ምንድን ነው ይሄ?”

“ፍየል ነው።”

“ፍየል ከአፉ ቅጠል ይተፋል? ጋኔን ነው እንጂ! በኢየሱስ ስም፣ ከቤቴ አውጣልኝ።”

“የልጅሽ ልጅ ዕቃ ነው።”

“እሷም ላይ እጸልያለሁ” ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

እንግሊዝኛ ማንበብ ብዙም አልችልም። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት የኛን ፊደል ነው። እዚህ አገር ስንገባ የተቀበለን ሰው አንድ ምክር ሰጥቶኝ ነበር። “ወንድሜ፣ ያልገባህ ነገር ከጠየቁህ ኖ በል። በር ቢያንኳኩ ኖ፣ ስልክ ቢደውሉ ኖ። የስ ያለ ነው የሚጠፋው።” ፓርኪንግ ውስጥ ስሠራ በዚህች ምክር ስንት ዓመት በሰላም ኖርኩ። ጨዋታው ውስጥም ቀይ በር ያለው ቤት ገብቼ፣ ነጭ የለበሰች ሴት እጅ ነስታ አንድ ነገር ስትጠይቀኝ፣ የምትሸጠው ነገር አለ ብዬ ኖ ብያት ወጣሁ። በሄድኩ ቁጥር ትጠይቀኛለች፤ በሄድኩ ቁጥር ኖ። አውሬዎቼን የማስታምመው ከዛፍ ስር የለቀምኩትን ፍሬ እያበላሁ ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ ወፏ ከአንድ ጥንዚዛ ጋር ስትዋጋ ወደቀች። ዓይኗን ጨፈነች፤ ሙዚቃውም ቀጥ አለ። ፍሬ ባቀርብላት አልበላ አለች። ምን ይደረጋል፤ ሞታለች። ከሌሎቹ ጋር ሆና እንዳትጎተት ብዬ ሳፈላልግ የማንይዛቸው አውሬዎች የሚቀመጡበት አንድ አረንጓዴ መስክ አገኘሁ። እዚያ አኖርኳትና መጫወቻዋን ዘግቼ ዓይኔን ጠረግኩ። የሚያስቅ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ከእጄ በልታ ያደገች ናት።

ልጅቷ ስትደውል ነገርኳት።

“ሞተች? አባባ፣ አይሞቱም እኮ! ፌይንት አድርጋ ነው፤ ራሷን ስታ ነው። ቀይ በር ያለው ቤት ይውሰዷት፣ ነርሷ ታድናታለች።”

“ነጭ የለበሰችው? ዕቃ ሻጭ መስላኝ ኖ ስላት ነው የከረምኩት።”

ስልኩ ውስጥ ሳቋ ትንፋሽ አሳጣት። “ኦ ማይ ጋድ። በቃ፣ አሁን የስ ይበሉና ወፏን ያስነሷት።”

“ልጄ፣ እኔ እኮ አልቅሼላታለሁ” አልኳት።

“ለማን ነው ያለቀስከው?” አለች ባለቤቴ ከኋላዬ። “እናቴ የሞተች ጊዜ እንኳ ዓይንህ ያልረጠበ ሰውዬ!”

“አልቅሼላታለሁ፤ መስኩ ላይም አሳርፌያታለሁ። የተለቀሰለት ሰው በማግሥቱ በሩን አንኳኩቶ ቢገባ ምን ትያለሽ? የቆሰለውን ወደ ነርሷ እወስዳለሁ። የወደቀ ግን ወድቋል” አልኳት ለልጅቷ።

ልጅቷ ከሳቋ መለስ አለች። “አባባ፣ ዩ ኖ ዋት? እንደዚህ የሚጫወቱ ሰዎች አሉ። በጣም ሃርድ ነው። የወደቀ አይነሳም። በየሰፈሩ መጀመሪያ የመጣውን ብቻ ነው የሚይዙት፤ መምረጥ የለም። ለሁሉም ስም ያወጣሉ። ሁሉም ካለቁ፣ ጌም ኦቨር።”

ይሄ በፈቃድ ራስን መከልከል ደስ አለኝ። መጀመሪያ የመጣውን መያዝ ምን ይከብዳል? የእግዜር እንግዳ አይመረጥም፤ ደጅ የደረሰውን ማስገባት ነው።

“እንግዲያው እኔም እንደነሱ ነኝ። ሁሉም ካለቁብኝ ዕቃሽን መልሼ መሳቢያሽ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ዳግመኛ አልጀምርም።”

“ፕሮሚስ?”

“ቃሌ ነው።”

“ኦኬ! እሁድ እደውላለሁ። ማን እንደተረፈ ይነግሩኛል።”

እሁድ ራሷ ደወለች። በሚቀጥለውም እሁድ። ስለ አውሬዎቹ ትጀምርና ስለ ክፍል ጓደኛዋ፣ ስለ ምግቡ፣ ስላስቸገራት ሒሳብ ታወራለች፤ አማርኛው ሲያልቅባት በእንግሊዝኛ፣ እኔ ሳይገባኝ ሲቀር ደግሞ ተመልሳ በአማርኛ። ቃሌን የሰጠሁት ሳላስብ ነበር። ኋላ ግን ገባኝ፤ እነዚያ አውሬዎች ካለቁ እሁዱም ወደ “ሃይ አባባ፣ ባይ” ሊመለስ ነው።

ስም ማውጣቱ ቀላል አልነበረም። በአባቴ አገር ውሻ እንዲሁ ስም አይወጣለትም። ጎረቤቱን ፊት ለፊት መናገር ያቃተው ሰው ቃሉን ውሻው ላይ ይጭንና ማታ ማታ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጣራል። የአባቴ ውሻ “ምን አገባው” ነበር፤ ወሰን የሚገፋው ጎረቤታችን ደግሞ የራሱን “እስቲ ይሞክር” አለው። እኔም ፍየሉን “ቻለው” ልለው ፈለግኩ። መጫወቻዋ የምትቀበለው ግን የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው። ባለቤቴ ዴይ ኬር፣ ሕጻናት መዋያ ስትሠራ፣ ያንን ፊደል ከሕጻናት ጋር ስትዘምረው የኖረች ናት።

“ቻለው በየቱ ነው የሚጀምረው?” አልኳት።

“ሲ፣ ከዚያ ኤች። ቻለው ያልከው ለኔ ነው?”

“ለፍየሉ ነው።”

“ለኔ ነው። ኤ። ቀጥሎ ኤል። ስም ማውጣት ኃጢአት ስላልሆነ ነው እንጂ አልነግርህም ነበር።”

ከዚያ ወንዝ ዳር ደረስኩ። ወንዙ ዳር ጋማው ብር የሚመስል ፈረስ እንደሚገኝ ልጅቷ ነግራኝ ስለነበር ልቤ እሱ ላይ ነበር። ሳሩ ተነቃነቀ፤ የወጣው ቀንድ አውጣ ነው። ጭቃ የለበሰ፣ ዓይኑ የተኛ የሚመስል ቀንድ አውጣ። ከሱ በኋላ ፈረሱም ወጣ፤ ግን ሕግ ሕግ ነው። ቀንድ አውጣውን ያዝኩ።

ባለቤቴ በትከሻዬ በኩል አየችው። “ይሄን ይዘህ ልትዋጋ? መንገድ ላይ ያመሽብሃል!”

ስሙን “ይደርሳል” አልኩት። ሁለት ነገር ነው የሚያውቀው። አንዱ ውሃ መትፋት፤ ሁለተኛው ዛጎሉ ውስጥ መግባት። ገብቶ ምን እንደሚሠራ አልገባኝም፤ ተመልሶ ይወጣል፣ በቃ። ያቺን ቁልፍ ተውኳት።

ማስተሩ ዘንድ ከመድረሴ በፊት የሱ ተማሪ መንገድ ዘጋብኝ። እሳት የሚተፋ ውሻ ለቀቀ። ሽኮኮዋን አስገባሁ። ውሻው አፉን ከፈተ፤ መስታወቱ ሁሉ ቀይ ሆነ፤ ሽኮኮዋ ወደቀች።

“ወይኔ!” ያለችው ባለቤቴ ናት። ሶፋው ላይ ቃሪያ ስትሰነጥቅ ነበር። ዞር ብዬ ሳያት ቃሪያው ዓይኗ የገባ አስመሰለች። ይደርሳል ገብቶ ውሻውን በውሃ ጣለልኝ፤ ለሽኮኮዋ ግን አልደረሰላትም። መስኩ ላይ ከወፏ ጎን አኖርኳት።

“ሁለት ቀሩ” አልኳት ለልጅቷ እሁድ።

“አባባ፣ የማስተሩ ሁሉም ውሻ ነው፤ ሁሉም እሳት። ቻለውን እንዳያስገቡ፤ ቅጠል ነው፣ በአንዴ ይቃጠላል።”

“ይደርሳል አለልኝ።”

“ዌል... ስሎው ነው እኮ።”

ማስተሩ ደጅ ቆምኩ፤ አልገባሁም። ፍራፍሬ እለቅማለሁ፤ ወንዝ ዳር እመላለሳለሁ። ካልገባሁ አላልቅም። ልጅቷ “ገቡ?” ትለኛለች፤ “ኧረ ገና” እላታለሁ። በሚቀጥለው እሁድ “ገቡ?” ስትል “ገና” አልኳት። “ኦኬ፣ እንግዲህ ሲገቡ ይንገሩኝ” አለችና ቶሎ ዘጋች። የፈራሁት ነገር ሳልሸነፍም እየመጣ ነበር። ደጅ ላይ ቆሞ መቅረትም ለካ ማለቅ ነው።

ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ወዳለችው የባለቤቴ እህት ቤት ለጸሎት እንሄዳለን። ከቤት ሬድ ላይን በሚሉት ባቡር፣ መሐል ከተማ ወርደን ደግሞ በየሎ ላይን። ሁለተኛው ባቡር ላይ እንደተቀመጥን መጫወቻዋን አወጣሁና ገባሁ።

“ወደ ጸሎት ስንሄድ?” አለች ባለቤቴ።

“ዛሬ ገባሁ።”

ቦርሳዋን እግሯ መሐል አስቀምጣ ጠጋ አለችኝ።

የመጀመሪያውን ውሻ ይደርሳል ጣለው። ሁለተኛውንም ጣለው፤ ግን ክፉኛ ተነከሰ። ፍሬዬም አልቋል። ሦስተኛው ሲወጣ የግቢ በር የሚያህል ነው። ደረቱን ነፋ። ለይደርሳል የቀረችው የነፍስ መስመር ከክር የቀጠነች ናት። ፍየሉን ባስገባ ይቃጠላል፤ ቀንድ አውጣውን ብተወው ይሞታል፤ ከዚያም ፍየሉ ይከተላል። በዚህ መሐል ባቡሩ ከዋሻው ብቅ ብሎ ድልድዩ ላይ ወጣ፤ የወንዙ ፀሐይ መስታወቱ ላይ ቦግ አለ። ምንም አይታየኝም።

ባለቤቴ ሻርፗን ከአንገቷ ፈታ በሁለታችን ራስ ላይ እንደ ድንኳን ጣለችው።

“ዛጎሉ ውስጥ አስገባው” አለች።

“ምን ይጠቅማል? ተመልሶ ይወጣል።”

“ስማኝ! ሽኮኮዋን የገደለው ውሻ እሳቱን ከተፋ በኋላ ምላሱን አውጥቶ ሲያለከልክ አላየህም? አንድ ጊዜ ከተፋ ያርፋል። እሳቱን ዛጎሉ ይቀበልልህ፤ ሲያርፍ በውሃ ስጠው።”

“አንቺ ቃሪያ አልነበር የምትሰነጥቂው?”

“ተጫን እንጂ፣ አንተ ሰው!”

ተጫንኩ። መስታወቱ ቀላ። ሻርፑ ስር ሁለታችንም ትንፋሻችንን ያዝን። እሳቱ ሲያልፍ ዛጎሉ ጠቁሯል፤ ያቺ ክር ግን አልተበጠሰችም። ይደርሳል አንገቱን ብቅ አደረገ። ውሻው ተቀምጦ ያለከልካል። ውሃውን ለቀቅኩበት። ተንገዳገደ እንጂ አልወደቀም፤ ደረቱን እንደገና ነፋ።

“እንደገና ዛጎሉ!” አለች።

እንደገና ዛጎሉ። እንደገና ውሃ። ውሻው ወደቀ።

“ሃሌሉያ!” ብላ ጮኸች። ፊት ለፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ ከስልኩ ቀና አለ። የምንወርድበት ጣቢያ አልፎናል። የባለቤቴ ስልክ ጠራ፤ እህቷ ናት፣ የት ደረሳችሁ ትላለች። ባለቤቴ፣ “መጣን፣ ትንሽ እየተዋጋን ነበር” አለቻትና ምን እንዳለች ሲገባት አፏን በሻርፗ ያዘች።

በማግሥቱ ልጅቷ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

“ገቡ?”

“ገባሁ።”

“ማን ተረፈ?”

“ሁለቱም። ቻለውን ከነጭራሹ አላስገባሁትም።”

“ኖ ዌይ! ባንድ ስናይል? አባባ፣ ያን ሁሉ ውሻ? እንዴት አድርገው? ኢንተርኔት ላይ አይተው ነው፣ ትሩዝ ይንገሩኝ። ማነው የረዳዎት?”

ኩሽናው በር ላይ ባለቤቴ ማማሰያዋን ይዛ ቆማለች። የጸሎት ሴቶች ጆሮ እንዳይደርስ ነው መሰለኝ፣ እንዳልናገር ጣቷን ታወዛውዝብኛለች።

“አያትሽ ናት” አልኩ።