ጫፉን ለእኔ

የእናቴ ታላቅ እህት እትዬ፣ የሁዳዴ ጾም ሳይፈታ አረፉ። ለቅሶ ደራሽ ስናስተናግድ ከርመን ፋሲካ ሲደርስ ሁላችንም ዝለን ነበር። ዶሮውን ማን እንደሠራው እንኳ በደንብ አላስታውስም። እንቁላሉን የመቁረጡ ነገር ግን ወደ እኔ መጣ።

እትዬ የተቀቀለ እንቁላል በቢላ ሲቆረጥ ማየት አይወዱም ነበር። "ቢላ አስኳሉን ያፈራርሰዋል" ይላሉ። ከእንዝርታቸው ላይ ክር በጠስ ያደርጉና አንዱን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው፣ እንቁላሉ ላይ ጠምጥመው ሳብ ሲያደርጉት ፍርፋሪ የለው ምን የለው። ደብረ ማርቆስ እኛ ቤት ዘመድ ሲሰበሰብ እንቁላሉ ሁልጊዜ ከሰው ያንሳል፤ በእሳቸው እጅ ግን ለሁሉም ይደርስ ነበር። አስኳል ያለበትን መሃሉን በየሰዉ ፊት ያስቀምጡና ነጩን ጫፍ ወደ ራሳቸው ይስባሉ።

"እትዬ፣ እርስዎስ አስኳል አይበሉም?" ስላቸው፣

"ተይኝ እስቲ፣ እኔ የምወደው ጫፉን ነው" ይሉኛል።

አምናቸው ነበር።

ዘንድሮ ከዚያው እንዝርት ላይ ክር በጥሼ፣ በደከመ እጄ እንደምንም ቆራረጥኩት። መሃል መሃሉ ወዲያው አለቀ። ሰዉ በልቶ ሲነሣ ሳህኑ ላይ የቀሩት ነጫጭ ጫፎች ብቻ ነበሩ።

እናቴ ሳህኑን ልታነሣ ጎንበስ እንዳለች ጫፎቹን አየች።

"ልጆች ሳለን እኮ" አለች፣ "አስኳሌን እየቀማች ትበላብኝ ነበር።"